ጎተራ ለምን እግር አወጣ?

አዲስ አበባ ውስጥ «ጎተራ» ብሎ ታክሲ የተሳፈረ ሰው የሚወርደው ከማሳለጫው መንገድ ዘንድ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከግዙፎቹ የኮንክሪት የእህል ማከማቻዎች መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። እነዚያ ማከማቻዎች ለምን ክብ ሆነው እንደተሠሩ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጥያቄው የመጣብኝ ከዚያ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ፣ ከባኮ ከተማ ዳር በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ በእንጨት እግሮች ላይ ከቆመ የበቆሎ ጎተራ ሥር አጎንብሼ ሳልፍ ግንባሬን ከወለሉ አግዳሚ ጋር ባጋጨሁ ጊዜ ነው። ባለቤቱ ሽማግሌ አዘኑልኝም፣ ሳቁብኝም። ሥሩ ለሰው ተብሎ የተተወ እንዳልሆነ፣ ለንፋስ እንደሆነ ነገሩኝ።

ይህን ጽሑፍ ሒስ ብዬ ሳቀርብ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። የሚሔሰው ልብ ወለድ ነው፤ ቴአትር ነው፤ ሥዕል ነው። ቢበዛ ቢበዛ ቦሌ ላይ የበቀለ የመስተዋት ሕንፃ ነው። የበቆሎ ጎተራ ምኑ ይሔሳል? እኔ ግን ከመስተዋቱ ሕንፃ ይልቅ ሒስ የሚገባው እርሱ ነው ባይ ነኝ። ምክንያቱም ስለ ገበሬው ግቢ፣ ማለትም ስለ ጎተራው፣ ስለ በረቱና ስለ ማማው፣ ሁለት ፍርዶች ተሰጥተው ሁለቱም ያለ ይግባኝ ጸንተዋል። አንደኛው «ኋላ ቀር» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ውብ ቅርስ» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ብዙዎች ተከራክረውበታል። የሁለተኛው ግን ስለሚጣፍጥ ማንም አልነካውም።

በአዲስ አበባ በአንድ የባህል ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ የቆመ ጎተራ አውቃለሁ። «የቆመ» ማለቴ ለልማድ ነው እንጂ ተቀምጧል፤ እግር የለውም። ሆዱ በሲሚንቶው ወለል ላይ አርፏል። ክዳኑ በቆርቆሮ ላይ የተነሰነሰ ስስ ሣር ነው። ውስጡ አምፖል ይበራል፤ እንግዶችም ከፊቱ እየቆሙ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። አይጥ ከወለሉ ተነሥታ ያለ ምንም ችግር ልትገባበት ትችላለች። የማትገባው የሚበላ ነገር ስለሌለው ብቻ ነው። ሠሪው የጎተራን መልክ ቀድቶ ጎተራ የሆነበትን ምክንያት ትቶታል። በሥነ ጽሑፍ ሒስ ቢሆን ኖሮ ይህን «ቅርጹን ይዞ ይዘቱን የጣለ» ብለን በአንድ መስመር እናልፈው ነበር። እዚህ ላይ ግን ቅርጽና ይዘት እንዲህ በቀላሉ የሚነጣጠሉ አይደሉም፤ እግሩ ራሱ ይዘት ነውና።

ይህ ዓይነቱ ስሕተት የእኛ ሬስቶራንት ባለቤቶች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሩዶፍስኪ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም «ያለ አርክቴክት የተሠራ ኪነ ሕንፃ» የተባለውን ዝነኛ ዐውደ ርእይ አሳይቶ ነበር፤ በዚሁ ስም የታተመው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰውየው ባለውለታ ነው። የተማረው ዓለም ዐይኑን ከቤተ መንግሥትና ከካቴድራል አንሥቶ ወደ መንደር እንዲያዞር አድርጓል። ካሳያቸው ሥራዎች መካከል በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በጋሊሲያ፣ በድንጋይ እግሮች ላይ የቆሙ የእህል ጎተራዎች ይገኙበታል። ያቀረባቸውም እንደ መቅደስ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሥራዎች አድርጎ ነው። ግርማው አለ፤ አልክድም። ነገር ግን በእያንዳንዱ የጋሊሲያ እግር ጫፍ ላይ፣ በእግሩና በጎተራው ወለል መካከል፣ ከእግሩ የሰፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሟል። ለጌጥ የተቀመጠ ይመስላል። አይጥ እግሩን ትወጣለች፤ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ግን ጀርባዋን ወደ ምድር አዙራ መሄድ ስለማትችል ትመለሳለች። የፎቶግራፍ ችግሩ አይጧን አለማሳየቱ ነው። «ያለ አርክቴክት» የሚለውም አባባል ቅር ያሰኘኛል። በባኮ ገጠር ጎተራ የሚጎነጉነው ሰው ይታወቃል፤ ክዳን የሚከድነውም ይታወቃል፤ ጎረቤት ማንን እንደሚጠራና ማንን እንደማይጠራ ጠንቅቆ ያውቃል። ዲፕሎማ አለመኖሩ ባለሙያ አለመኖሩ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ከአምቦ ተነሥቶ ጉደርን፣ ጌዶንና ኢጃጂን እያለፈ ባኮ የሚያደርሰው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ከጌዶ ደጋ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ በአውቶቡሱ መስኮት የሚመለከት ሰው አንድ ነገር ልብ ሊል ይችላል፤ ጎተራው ልብሱን ያወልቃል። በጤፉ አገር ጎተራ ማለት በውጭም በውስጥም በጭቃና በእበት ተመርጎ ቀዳዳው ሁሉ የተደፈነ ዕቃ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ባልተመረገ ግድግዳ ሾልኮ ያልቃል። ደቃቅነቱ ደግሞ ጸጋው ነው፤ ነቀዝ እንቁላል ጥላ ልጆቿን የምታሳድግበት ሆድ የለውም። ስለዚህ ጤፍ ከደረቀ በኋላ መታሸግ እንጂ መተንፈስ አያስፈልገውም። ወደ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ባኮ ሲደረስ ግን እህሉ በቆሎ ነው። እዚያ በኦሮምኛ ጎምቢሳ የሚባለው የበቆሎ ጎተራ እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ ወይም ከቀጫጭን እንጨት ተጎንጉኖ፣ ሳይመረግ፣ ከነቀዳዳው ይተዋል። ከከተማ የሄደ ሰው «ሳይጨርሱት ትተውት ነው» ሊል ይችላል። እኔም ብዬ ነበር።

ያልጨረሱት ግን አይደለም። በባኮ በዓመት ከ1,200 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ዝናብ ይጥላል። በቆሎው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲሰበሰብ ገና እርጥበት በሆዱ ይዟል። ፈልፍለህ በታሸገ ዕቃ ብትከተው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይሞቅና ይሻግታል። ስለዚህ ሳይፈለፈል፣ ከነቆረቆንዳው፣ ብዙውን ጊዜም ከነሽፋኑ ጎምቢሳው ውስጥ ይከመራል። በበቆሎው ራሶች መካከል ክፍተት አለ፤ በግድግዳው ጉንጉን መካከል ክፍተት አለ፤ ከወለሉ ሥርም ክፍተት አለ። የበጋው ንፋስ በሦስቱም እየገባ ማሳ ላይ የተጀመረውን ማድረቅ እዚህ ይፈጽማል። ጎምቢሳ ማከማቻ ብቻ አይደለም፤ ማድረቂያ መሣሪያ ነው። ቀጭንና ረዘም ያለ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሆዱ ከሰፋ ንፋሱ መሐሉ ሳይደርስ ይደክማል፤ መሐሉም ይበሰብሳል። ምርቱ የበዛለት ገበሬ ጎምቢሳውን በማስፋት ፈንታ ሁለተኛ ጎምቢሳ የሚያቆመው ለዚህ ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ትንንሽ ጎምቢሳ አይቶ «አንድ ትልቅ መሥራት አቅቷቸው» ብሎ ያዘነ ሰው ሐዘኑን መልሶ ኪሱ ይክተት።

ክብነቱስ? ማእዘን የጉንጉን ሥራ ጠላት ነው። ቀርከሃ በጠባቡ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ሲዞር ግን ይታዘዛል። በተረፈ ደግሞ የተከመረ እህል እንደ ውኃ ወደ ጎን ይገፋል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲገፋ መሐሉ ይጎብጣል። ክብ ግድግዳ ግን እንደ መቀነት ዙሪያውን ይወጠራል፤ ግፊቱን ለመላ አካሉ ያከፋፍላል። በአዲስ አበባው ጎተራ ሰፈር የኮንክሪቱ ማከማቻ ውስጥ እንደ ቀለበት የሚዞረው ብረት የሚሠራው ሥራና በባኮ የቀርከሃው ጉንጉን የሚሠራው ሥራ አንድ ነው። መሐንዲሱና ጎንጓኙ ተገናኝተው አያውቁም፤ እህሉ ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ትእዛዝ ሰጥቷቸዋል።

ክዳኑ ከሁሉም ይበልጥ የሚደንቅ ነው። ሣር ውኃ አያሳልፍም ስንል ስሕተት ነው፤ ያሳልፋል። ቁልቁለቱ 45 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ጠብታው ከሣር ወደ ሣር እየተንሸራተተ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ጠርዙ ላይ ይደርሳል። ሾጣጣ የሆነው ለዚህ ነው። ጠርዙ ደግሞ ከግድግዳው በጣም ወጥቶ ይንጠለጠላል፤ ያልተመረገውን ግድግዳ ከዝናብ የሚጠብቀው ይኸው ጃንጥላ ነው። በመኖሪያ ቤቱ ክዳን ላይ ሦስተኛ ሠራተኛ አለ፤ ጢስ። ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት ሲባል እንደ ነውር ይወራል። ለዐይንና ለሳንባ በእርግጥም ነውር ነው፤ በተለይ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ዘንድ ለምትውለው እናት። ዳሩ ግን ያ ጢስ በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ሲወጣ ጥቀርሻውን ትቶ ይሄዳል፤ በጥቀርሻ የጠቆረን ሣርና እንጨት ደግሞ ተባይ አይደፍረውም። ጢሱን በጭስ ማውጫ አውጥተህ ክዳኑን የምትተው ከሆነ ክዳኑ ዕድሜው ያጥራል። አንዱን ስትነካ ሌላው ይነካል።

እዚህ ላይ ባኮን ለጥቂት ጊዜ ትቼ ወደ ሐረርጌ መሄድ አለብኝ። በዚያ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ አፉም በሚገባ ይታሸጋል። በቂ አየር ስለማይኖር ውስጥ የገባው ተባይ የቀረችውን አየር ተንፍሶ ይሞታል። ጉድጓዱ እንደተከፈተ ሳይናፈስ የሚገባ ሰውም ለሕይወቱ አደጋ አለው። እንግዲህ ሁለት አሳቦች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የባኮው «ይተንፍስ» ይላል፣ የሐረርጌው «ይታፈን» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የሐረርጌውን ጉድጓድ በባኮ ርጥብ አፈር ብትቆፍር በክረምት ኩሬ ይሆንልሃል። የባኮን ጎምቢሳ ሐረርጌ ብታቆመው ደግሞ ደረቁን ማሽላ ለተባይ ከፍተህ መስጠት ነው። «ኢትዮጵያዊ ባህላዊ ጎተራ» የሚባል አንድ ነገር የለም ለማለት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ስለ በረቱና ስለ ማማው ብዙ አልልም። ማማው ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ በቆሎውን እንዳይጨርሱት የሚጠበቅበት፣ ለአንድ ወቅት ብቻ የሚቆም ሥራ ነው። እንዳይጸና ሆኖ መሠራቱ ብልሃቱ ነው። ስለ ደላው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ደላ ከብት የሚያድርበት አጥር ነው፤ የሚደንቀው ግን በአንድ ቦታ አይጸናም። ጥቂት ቀን ቆይቶ እንጨቱ ይነቀልና ከጎኑ ይተከላል፤ ቀስ በቀስ ማሳውን ሁሉ ይዞራል። ከብቱ ባደረበት ቦታ እበቱና ሽንቱ መሬቱን ያዳብራል፤ በሚቀጥለው ክረምት በቆሎ ይዘራበታል። ሕንፃ ማለት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው ብለን ሕግ ለጻፍን ሰዎች እነሆ የሚራመድ ሕንፃ። ሸካራ፣ ያልተላገ፣ ያልተመረገ የሆነውም መነቀል ስላለበት ነው። ከብቱ ሲያንስና የእያንዳንዱ ሰው ማሳ ሲጠብ ግን ይህም ልማድ እየላላ ሄዷል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ደርሻለሁ። ይህ ሁሉ አሠራር በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር፤ በሣር፣ በእንጨትና በአነስተኛ ምርት። ሦስቱም ተለውጠዋል።

ሣሩ ይበቅል የነበረው ባልታረሰ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱ ታረሰ። ለጎምቢሳ እግር የሚመረጠው ምስጥ የማይደፍረው ጠንካራ እንጨት ነበር። ለምሳሌ ዋንዛ አንዱ ነው፤ ዋንዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ በልዩ ጥበቃ ሥር ካዋላቸው አራት ዛፎች አንዱ ሆኗል፤ መሆንም ነበረበት። በምትኩ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ምስጥ ደግሞ ወጣቱን ባሕር ዛፍ ይወደዋል። ቆርቆሮው ተከተለ። በቆርቆሮ ላይ የሚዘፈነውን የናፍቆት ዘፈን አልወደውም። በየጥቂት ዓመቱ ክዳን መቀየር የሰለቸው ሰው ቆርቆሮ ቢያለብስ ልክ ነው፤ እኔም ያደግሁት በቆርቆሮ ቤት ነው። ነገር ግን ቆርቆሮ የራሱን ቅርጽ ይዞ ይመጣል። አራት ማእዘን ስለሆነ ክቡን ቤት አራት ማእዘን ያደርገዋል። ውድ ስለሆነ ጠርዙ አጭር ይሆናል፤ ዝናቡም ግድግዳው ሥር እየፈነጠቀ ጭቃውን ይበላዋል። ገበሬው ቆርቆሮ የገዛው ለቤቱ ነው፤ ለጎምቢሳው አልተረፈውም። በቆሎውም በማዳበሪያ ከረጢት ሆኖ ወደ መኖሪያ ቤቱ ገባ።

በዚያው ዘመን ምርቱ በዛ። ከባኮ የምርምር ማእከል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1988 ቢ ኤች 140፣ በ1993 ቢ ኤች 660፣ በ1995 ቢ ኤች 540 የተባሉት ዲቃላ በቆሎዎች ወጡ። ቢ ኤች 660 በምርምር ማሳ በሄክታር 90 ኩንታልና ከዚያ በላይ ሰጥቷል። ይህ በኢትዮጵያ የእርሻ ታሪክ ትልቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትም ሰዎች በቂ ምስጋና አላገኙም። ግን ሒስ ሒስ ነው። አገሬው በቆሎ ሽፋኑ ጫፉን ጥብቅ አድርጎ የሚሸፍን፣ ፍሬውም የጠጠረ በመሆኑ ለነቀዝ በቀላሉ አይበገርም ነበር። ለምርት ብዛት ሲባል የተመረጡ ዝርያዎች በየአገሩ ብዙውን ጊዜ ይህን ጋሻ ያጣሉ። ጎምቢሳው የተሠራው ከነጋሻው ለሚገባ በቆሎ ነው። ዘሩ ሲቀየር የጎተራው ጉዳይ አብሮ መነሣት ነበረበት። ዘሩና ማዳበሪያው በፓኬጅ መጡ፤ ጎተራው ግን ፓኬጁ ውስጥ ሁነኛ ቦታ አላገኘም።

ዋጋውን በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. አየነው። በቆሎው ተትረፈረፈ፤ ዋጋው ወደቀ፤ መሰብሰቢያውን እንኳ ስለማይሸፍን ማሳው ላይ የተወው ገበሬ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1995 ዓ.ም.፣ ድርቅ መጣና ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ነገሩ የጎተራ ብቻ ነው አልልም፤ የመንገድም፣ የገበያም፣ የብድር ዕዳ መክፈያ ጊዜም ጉዳይ ነው። ነገር ግን በቆሎውን እስከ ሐምሌ ሳይነቅዝ ማቆየት የሚችል ገበሬ በጥር ለመሸጥ አይጣደፍም። ጎተራ ማለት የገበሬው የመደራደር ጉልበት ነው።

ከረጢቱ ምን ችግር አለው? እንደ ባኮ አይተነፍስም፣ እንደ ሐረርጌም አይታፈንም። ውስጡ ይሞቃል፤ ነቀዟ ግን የምትተነፍሰው አየር አላት። ስለዚህ መድኃኒት ይጨመርበታል። ከሚጨመሩት መካከል የፎስፊን ጋዝ የሚያወጣው ክኒን አለ። ይህ ጋዝ የሚሠራው ፍጹም በታሸገ ቦታ ነው። በተራ ከረጢት ውስጥ ሲጨመር ነቀዙን ሳይጨርስ እየሾለከ ይወጣል፤ የሚወጣውም ልጆች ወደሚተኙበት ክፍል ነው። «ኋላ ቀር» የተባለው ጎምቢሳ ከቤት ርቆ፣ በንፋስ መሐል፣ በእግሩ ቆሞ ነበር። እህልንና እንቅልፍን ለያይቶ ነበር።

በቅርብ ዓመታት አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት በአገራችን ተሠራጭቷል። በደንብ የደረቀ በቆሎ ከታሰረበት ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። አሳቡ የሐረርጌው ጉድጓድ አሳብ ነው፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ባኮ ደረሰ። ጥሩ ነገር ነው። ግን «በደንብ የደረቀ» የምትለዋን ቃል እንዳንዘላት፤ እርጥብ በቆሎ በውስጡ ቢታሰር ይበላሻል። ታዲያ በኅዳር የተሰበሰበው በቆሎ ከመታፈኑ በፊት የት ይድረቅ? ማድረቂያው እኮ በግቢው ነበር። ጎምቢሳውን አፍርሰን ከረጢቱን ብቻ ከያዝን ግማሹን ሥራ ጥለናል።

ጎምቢሳ እንከን የለሽ ነው እያልሁ አይደለም። ነቀዝም፣ የእህል ብልም፣ አይጥም ገብተውበታል፤ ሌባም ገብቶበታል። ክረምት ሲገባ አየሩ ሲረጥብ ያው ቀዳዳው እርጥበት ያስገባል። አያቶች የሠሩት ሁሉ ልክ ነው የሚለው አምልኮ ከሬስቶራንቱ አምፖል የተለየ አይደለም።

ግንባሬን የመቱኝ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ በዚያን ቀን አዲስ ጎምቢሳ እየተሠራ ነበር። ግድግዳው እንደ ድሮው ጉንጉን ነው። ክዳኑ ከቤት የተረፈ አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ ጠርዙ አጭር እንዳይሆን ከሥሩ በሣር አስረዝመውታል። እግሮቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ለምስጥ ብለው ጫፋቸውን አቃጥለው ጥቁር አድርገዋቸዋል። በየእግሩ ላይ ደግሞ ከጉልበት ከፍ ብሎ የዘይት ቆርቆሮ ተሰንጥቆ፣ ተዘርግቶ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቶ እንደ ጃንጥላ ተጠምጥሟል። ስለ ጋሊሲያ ድንጋይ ልነግራቸው አሰብሁና በኦሮምኛዬ አቅም የማይሆን ሆነብኝ። ይህን ከማን ተማሩት ብዬ ብቻ ጠየቅኋቸው። «ከአይጧ» አሉኝና፣ አራተኛውን እግር ለመጠምጠም ቆርቆሮውን እንድይዝላቸው ጠሩኝ።